ኡኬ ላይ የጸለይኩት ጸሎት

አባቴ «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ማለት ያበዛ ነበር። ብሰማው ኖሮ ዛሬ ባልቆጨኝ።

ኡኬ ከተማ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ የነቀምት መኪና ስጠብቅ፣ አጠገቤ አንዲት የማላውቃት ልጅ ላፕቶፕ ላይ አቀርቅራ ትቆዝማለች።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«ኮምፒውተር አንድን ፕሮግራም እንዴት እንደሚገጣጥም የሚያዝ ጽሑፍ ነው፣ አባባ። ይሠራል፤ ግን አጻጻፉ ደንብ አለው። የፕሮግራሙ ስም መጀመሪያ፣ የአጠቃቀም ፈቃዱ ቀጥሎ ይገባል። አንዲት ባዶ ቦታ ብትተርፍ ቀጣሪዎቹ ይመልሱታል። ሁለቴ መልሰውብኛል፤ ዛሬም ካላለፈ ሥራው ላይ አልቀጠርም። አሁን አስተካክዬዋለሁ፣ መላክ ብቻ ነው የቀረኝ።»

የገባኝ ግማሹ ነው። «በይ እንጸልይበት» አልኩና፣ በሽተኛ ላይ እንደምንጭነው እጄን የማሽኑ ቁልፎች ላይ ጫንኩ። ዓይኔን ጨፍኜ አጥብቄ ጸለይኩ፤ ጸሎቴ ሲበረታ እጄም ይበረታል። መሐል ላይ «አባባ» ብትለኝ፣ «አሜን በይ» አልኳት።

ዓይኔን ስገልጥ ያ ሁሉ ጽሑፍ በዝብርቅርቅ ፊደል ተሞልቷል።

«ምነው ዝም አልሽኝ?» አልኳት ደንግጬ።

«ጸሎት አይቋረጥም ብዬ ነው፣ አባባ። እጅዎ መላኪያውን ተጭኖት እንደተዝረከረከ ተልኳል፤ አሁን እጅዎን ያንሱልኝ።»