ኬኩ መካነ ሰላም ሳይደርስ

ረቡዕ፣ ንጋት። ደሴ

መናኸሪያው በር ላይ ስደርስ ገና ጎህ እየቀደደ ነው። የጦሳ ተራራ ጭጋጉን እስከ አንገቱ ተከናንቧል። ጥር ስለሆነ መንገደኛው ሁሉ ሰርገኛ ይመስላል፤ የመካነ ሰላሙ ቅጥቅጥ ጣሪያ ላይ ፍራሽ፣ ቁም ሣጥን፣ የፕላስቲክ ወንበርና እግራቸው የታሰረ ሁለት በጎች ተጭነዋል። የእኔ ዕቃ አንድ ትልቅ ካርቶን ነው። ውስጡ ባለ ሦስት ደረጃ ኬክ አለ፤ ነጭ ክሬም፣ ከላይ ቀይ ጽጌረዳ፣ ሊጡ ውስጥ ሄልና የብርቱካን ልጣጭ።

ይህን ገጽ የምትከታተሉ ታውቁኛላችሁ፤ ደሴ ቤቴ ውስጥ ጣፋጭ እየጋገርኩ የምተዳደር ዘምዘም ነኝ። የዛሬው ኬክ ግን ለደንበኛ አይደለም። ነገ ሐሙስ ታናሽ እህቴ ሐያት መካነ ሰላም እናታችን ቤት ትዳራለች። ኩዌት ሰው ቤት እየሠራሁ በስልክ ያሳደግኋት ልጅ ናት። እዚያ ሳለሁ የስንቱን ሰው ድግስ በእጄ አሳምሬያለሁ፤ በራሳችን ቤት ድግስ ላይ ግን አንድም ቀን እጄ ገብቶ አያውቅም። ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሾፌሩ ይማም ካርቶኑን አየት አድርጎ፣ “እህቴ፣ ወደ ላይ እናውጣልሽ?” አለኝ።

“ኬክ ነው። ወንበር ቆርጬለታለሁ።”

“ለኬክ?”

“ለኬክ።”

ሳቀና በሩን ከፈተልኝ። “እንግዲያው በመስኮቱ በኩል አስቀምጪው፣ አገር ይይ።”

ረፋድ። ከጉጉፍቱ እስከ አቀስታ

ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ጉልበት ይቆርጣል። ውርጩ ገና አልረገፈም፤ ሜዳው ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። የገብስ ክምሩ በየደጁ ቆሟል፤ አውድማ ላይ በሬዎች ይዞራሉ፤ እስትንፋሳቸው እንደ ጉም ይታያል። እኔ አንድ እጄን ካርቶኑ ላይ አድርጌ፣ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ትንፋሼን እይዛለሁ።

ከኔ ማዶ አንድ ሽማግሌና ልጃቸው ተቀምጠዋል። አባባ ታደገ የወግዲ ገበሬ ናቸው። ለስኳር ሕመማቸው ደሴ ሐኪም ዘንድ ቆይተው፣ ልጃቸው ብርቄ ወደ ቤት እየመለሰቻቸው ነው። ጨዋታ ይችላሉ። ካርቶኑ ውስጥ ምን እንዳለ ሲሰሙ፣ “ታዲያ ሙሽራዋን ይዘሽ ነው የምትሄጂው በይኛ!” ብለው መኪናውን አሳቁት።

አቀስታ ለቁርስ ወረድን። ጥቁር አዝሙድ የገባበት ትኩስ ዳቦ በሻይ፤ ከጎኑ ቃሪያ የተሰነገበት ቅቅል ድንች። ዳቦው ከውጭ ቅርፊቱ ጠንከር ያለ፣ ከውስጥ ጥጥ ነው። ጋጋሪዋን ስለ እርሾዋ ጠየቅኋት፤ “የትናንቱን ሊጥ ጥቂት አስቀርቼ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም” አለችኝ። ዋጋው ደግሞ ደሴ ከምንገዛው በግማሽ ይረክሳል።

አባባ ታደገ ግን ሻዩንም አልቀመሱም።

“የኢንሱሊን መርፌዎን ተወግተዋል እኮ አባ!” ትላለች ብርቄ። “በባዶ ሆድ አይሆንም ተብሏል።”

“ረቡዕ ነው፤ ገና በጧቱ አልበላም። መካነ ሰላም ስንደርስ እበላለሁ።”

ብርቄ ወደኔ ዞራ ራሷን ነቀነቀች። ቀሪውን ዳቦ በወረቀት ጠቅልላ ልትይዝ ስትል፣ ይማም ጥሩምባውን ነፋ፤ ዳቦው እዚያው ቀረና ሁላችንም ሮጠን ተሳፈርን።

ቀትር። መንገድ ላይ

ከአቀስታ ርቀን ተራራው በተቆረጠበት አንድ ጠባብ መንገድ ላይ፣ የባሕር ዛፍ ግንድ የጫነ መኪና ተገልብጦ ግራና ቀኙን ዘግቶታል። ሰው አልተጎዳም፤ ግን መተላለፊያ የለም። ከላይ ገደል፣ ከታች ገደል። ቤት የለም፣ ሱቅ የለም። ወንዶቹ ግንድ ለማንሳት ሄዱ። ሴቶቹ መኪናው ውስጥ ነጠላችንን ተከናንበን ቀረን። አንዲት እናት ቆሎ አዞረች፤ ሁለት ጊዜ ሳይዞር አለቀ፤ አባባ ታደገ አንቀላፍተው ስለነበር አልደረሳቸውም።

ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታ ማዘንበል ስትጀምር ብርቄ ጮኸች። “አባ! አባ፣ ይስሙኝ!”

በዚያ ብርድ ሽማግሌው ግንባራቸው በላብ ተጠምቋል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ዓይናቸው የሚያየውን የሚያውቅ አይመስልም።

“ስኳር ወረደባቸው! ጣፋጭ ነገር ያለው ሰው! ከረሜላ፣ ምንም ይሁን!”

ሰው ሁሉ ኪሱን ዳበሰ። ማንም ወደኔ አላየም። ካርቶኑን ያየሁት እኔው ነኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወዲያው አልተነሳሁም። የሐያት ፊት መጣብኝ። ኬኩ ሲያልቅ ፎቶውን ልኬላት፣ በደስታ እየጮኸች የደወለችልኝ መጣብኝ። ከዚያ የሽማግሌው አገጭ ሲንቀጠቀጥ አየሁና ገመዱን በጥርሴ በጠስኩት።

ከላይኛው ደረጃ አንዱን ጽጌረዳ በጣቴ አንስቼ ከንፈራቸው ጋ አደረስኩ። ቀመሱና ፊታቸውን መለስ አደረጉ።

“ምንድነው ይሄ?”

“ኬክ ነው አባባ። ይዋጡት።”

“እንቁላል አለው?”

“አለው። ቅቤም አለው።”

“ረቡዕ ነው እኮ ልጄ።”

ብርቄ እንባዋ ወረደ። “ሕመምተኛ ነዎት ብለው የንስሐ አባትዎ ራሳቸው ፈቅደውልዎት የለም ወይ?”

“አባባ፣” አልኳቸው፣ “ወንጀሉ በኔ ይሁን።”

ከዚያ ሁሉ ድካም መካከል ፈገግ ለማለት ሞከሩ። “አንቺ ምን በደልሽ” ብለው አፋቸውን ከፈቱ።

ክሬሙን ጥቂት በጥቂት፣ ቀጥሎ ኬኩን በውሃ እያራስኩ አበላኋቸው። ብርቄ ጀርባቸውን ደግፋ ይዛለች። ቆይቶ እጃቸው ረጋ። ላቡ ደረቀ። ካርቶኑን፣ እኔን፣ የተቦረቦረውን ኬክ በየተራ አዩና፣ “ሙሽራዋን በላኋት?” አሉ።

ያን ጊዜ ነው ሁላችንም የሳቅነው፤ እኔ ከሳቁ ጋር ጥቂት አልቅሻለሁ።

የላይኛው ደረጃ ፈርሷል። ሁለቱ ደህና ናቸው። ከኋላ ያሉ ሕፃናት ግን አንገታቸውን አስግገው ያያሉ፤ እናቶቻቸው ደግሞ እንዳያዩ ፊታቸውን ያዞሯቸዋል። ያን ማየት አልቻልኩም። ቢላ ለመንኩና ሁለቱንም ደረጃ ቆረስኩ። ሳህን ስላልነበረ በካርቶኑ ክዳን፣ በደብተር ወረቀት፣ በመዳፍ ላይ አደልኩ። ጾመኞቹ “ለነገ” ብለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ግንድ ሲጎትቱ የዋሉት ወንዶችም ጭቃ እጃቸውን እየጠረጉ መጡ።

“የማን ሰርግ ነው?” አለች ቆሎ ያዞረችው እናት።

“የእህቴ። የሐያት።”

እልልታውን እሷ ጀመረችው። ገደሉ አፍ ላይ የቆመ መኪና ሙሉ ሰው፣ ለማያውቃት ሙሽራ እልል አለላት።

አመሻሽ። መካነ ሰላም

መንገዱ የተከፈተው ከሰዓት በኋላ የሚሰገደው የዐስር ሰላት ካለፈ ወዲያ ነው። መካነ ሰላም ስንገባ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፤ ከየቤቱ የባሕር ዛፍ ጭስ ይወጣል። ይማም አባባ ታደገንና ብርቄን የወግዲው ሚኒባስ ድረስ ወስዶ አሳፈራቸው። ሽማግሌው መዳፋቸውን ራሴ ላይ አድርገው ረጅም ምርቃት መረቁኝ፤ “እጅሽ አይንጠፍ” የሚለው ብቻ ነው የቀረልኝ፤ ሌላውን ለቅሶዬ ዋጠው።

እናቴ ግቢ ዳሱ ተጥሏል። ሐያት ሂና ያረፈባቸውን እጆቿን ወደ ላይ እንደያዘች ሮጣ ወጣች።

“የታል?”

ባዶውን ካርቶን አየች። ነገርኳት። ሁሉንም፣ ከአቀስታ ጀምሮ።

“ለሁሉም አሳይቻቸዋለሁ እኮ” አለች በመጨረሻ። “ለባሌ እህቶች፣ ለጓደኞቼ፣ ፎቶውን ለሁሉም...”

ገብታ በሩን ዘጋች።

እናቴ ደጁ ላይ ቆማ ነበር። “ሰውየው ዳኑ?” አለችኝ።

“ድነዋል እማየ።”

“አልሐምዱሊላህ። በይ ግቢ፣ ብርዝ ጠጪ።” የዚሁ የወሎ ቦረና ማር የተበጠበጠበትን ብርዝ አቀረበችልኝ። ጠጥቼ እስክጨርስ ጠብቃ፣ “ታዲያ ነገ ሌላ አትሠሪም?” አለች።

“በምን እማየ? ምድጃዬ ደሴ፣ የእንቁላል መምቻ ማሽኔ ደሴ። እዚህ መብራትም የለም።”

“እሳት አለ” አለች እናቴ።

ሐሙስ፣ ጠዋት። እናቴ ማድቤት

እናቴ ድፎ የምትጋግርበት ሰፊ የሸክላ ምጣድ አላት። ከታች ፍም፣ ክዳኑ ላይ ሌላ ፍም። ኬክ በዚህ ሲጋገር አላየሁም። እሷም አላየችም።

የመጀመሪያው ከሰለ። ሽታው ዳሱ ድረስ ሄደ። ስንከፍተው ላዩ ጥቁር፣ ልቡ ጥሬ ሊጥ ነው። “የዳቦ እሳት ነው የሰጠሁት፣ ይሄ ስስ ነው” አለች እናቴ፤ ፍሙን ከክዳኑ ላይ እየጠረገች አመዱን ብቻ አስቀረች። እኔም ጥፋት ነበረብኝ፤ እንቁላሉ በደንብ አልተመታም። በማሽን የለመደ እጅ ቶሎ ይዝላል።

ጎረቤቶች መጡ። አንዷ ስኳሩን በሙቀጫ አደቀቀች፤ ሌላዋ ለጋ ቅቤውን በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግማ አጠበችልኝ፤ ለክሬም ነው። እንቁላሉን በተራ በሹካ እንመታለን። ክንድ ደከመ፤ አረፋው ግን ገና ነው።

በሩ ላይ ጥላ አጠላ። ሐያት ናት። ማንንም ሳታይ መጥታ ከጎኔ ዱካ ላይ ተቀመጠች።

“ስጪኝ” አለች።

“ሂናሽ!” ብለው ሴቶቹ ጮሁባት። “ሙሽራ ሥራ አትነካም!”

“ደርቋል።” ሳህኑን ጭኗ ላይ አድርጋ መምታት ጀመረች። ቀይ ጣቶቿ ነጩ አረፋ ላይ ይመላለሳሉ። ቀና ሳትል፣ “ሰውየው ሲቀምሱት ምን አሉ?” አለችኝ።

“ረቡዕ ነው እኮ ልጄ አሉ።”

መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ያለቀሰች መስሎኝ ደነገጥኩ። ሳቅ ነበር። ሳህኑን ከእጇ እስክንቀበላት ድረስ ሳቀች፤ ከዚያ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች።

ሁለተኛው ኬክ ተነፋ። እናቴ የኮባ ቅጠል ከሥሩ አንጥፋለት ነበርና ሲወጣ የቅጠሉ መስመር ከታች ታትሞበታል። ማር በሙቅ ውሃ አቅጥኜ አጠጣሁት፤ የቅቤ ክሬሙን ቀባሁት። ደረጃ የለው፣ ጽጌረዳ የለው፤ የምጣዱን ያህል ሰፊ፣ ክብ፣ ጫፉ ወርቃማ ነው። ከሰዓት በኋላ ሙሽራውና ሚዜዎቹ በነሺዳና በድቤ ሲገቡ ዳሱ መሐል ተቀምጦ ጠበቃቸው።

የሙሽራው እናት ቁራሹን በጣታቸው ጫን ጫን አድርገው፣ ቀምሰው፣ “ዳቦ ነው ኬክ?” አሉ።

“የልጆቼ ሥራ ነው” አለች እናቴ። ሴትየዋ ሁለተኛ ቁራሽ ጠየቁ።

አርብ፣ ጠዋት። መካነ ሰላም

ሐያት ትናንት ሄደች። ዳሱ እየፈረሰ ነው፤ ግቢው ሰፍቶ ሰፍቶ የሌላ ሰው ግቢ መስሏል። ሻንጣዬን አስሬ ይማም እስኪደውል ከእናቴ ጋር ሻይ እየጠጣን ነው።

“እዚያ ሳለሽ፣” አለች እናቴ ብርጭቆዋን እያየች፣ “ምን ትበዪ ነበር?”

ከተመለስኩ ጀምሮ ስለ ኩዌት አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። እኔም አንስቼው አላውቅም።

“ከእነሱ የተረፈውን። ብዙ ጊዜ ቆሜ ነበር የምበላው፤ ለመቀመጥ ጊዜ አይኖርም።”

ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ማጣፈጥ ፈለግሁ መሰለኝ፣ ቀጠልኩ። “ለኢድ ግን ማዳም መዓሙል የሚሉትን ብስኩት ታሠራኝ ነበር። ሆዱ ተምር ነው፤ ሊጡ አፍ ውስጥ ሲገባ ይበተናል። የመጀመሪያውን ትኩሱን ሁልጊዜ ደብቄ እበላ ነበር። በመስኮት መንገዱን እያየሁ።”

“ተምር እዚህም አለ” አለች እናቴ።

“እማየ፣ መኪናው እኮ...”

ሻሿን አሰረችና ወጣች። ደጅ ቆሜ አየኋት፤ እየተቻኮለች ወደ ሱቁ ስትሻገር። ምን አደርጋለሁ? ወንፊቱን አወረድኩና ዱቄት መንፋት ጀመርኩ።

ስልኬ ጮኸ። ይማም ነው። “የት ነሽ? ልንወጣ ነው።”

እናቴ የተምሩን ፌስታል ይዛ በበሩ ስትገባ አየኋት። ትንፋሽ አጥሯታል።

“ዛሬ አልሄድም፤ አትጠብቁኝ” አልኩት።

እናቴ እጇን ታጥባ፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ ከፊቴ ተቀመጠች።

“በይ እንግዲህ፣ በምንድነው የሚጀመረው?”

“በቅቤው” አልኳት።