የመሪጌታ ስልክ ሲዘጋ

ከደብረ ታቦር መናኸሪያ በጠዋት የተነሣሁት መሪጌታ ይባቤን ፍለጋ ነው። መሪጌታ ከክምር ድንጋይ በላይ፣ በጉና ግርጌ ባለች ደብር ዜማ ያስተምራሉ። ልባቸው ታሞ ሆስፒታል ተኝተው ከወጡ ወዲህ የማገገሚያ እንቅስቃሴያቸውን በስልክ የማሠራቸው እኔ ነኝ፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። በየሳምንቱ እየደወልኩ ምን ያህል እንደተራመዱ፣ እግራቸው አብጦ፣ ደረታቸውን ጭንቅ ብሏቸው እንደሆነ እጠይቅና ቀጣዩን እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ስልካቸው ተዘጋ። መብራት ጠፍቶ ይሆናል፣ ኔትወርክ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። ሲደጋገም ግን ክፉ ክፉውን አሰብኩ።

ሾፌሩን መንገዱ ክፍት መሆኑን ደጋግሜ ጠየቅሁት።

«ዛሬ ሰላም ነው፣ ግቢ» አለኝ።

ከተማውን ስንለቅ ገብሱ ቢጫ ሆኗል፤ ጉና ደመና ተከናንቧል። ክምር ድንጋይ ወርጄ ትኩስ ድንች ቅቅል በአዋዜ እየበላሁ ወደ ደብሩ የሚወስደውን መንገድ ጠየቅሁ። ድንች ሻጯ በእጇ አሳየችኝና፣ «መሪጌታን ፈልገሽ ከሆነ ከአልጋ ውለዋል አሉ» አለች። ድንቹን ትቼ ተነሣሁ።

እቤታቸው

ዳገቱን እያለከለክሁ ወጥቼ «ቤቶች!» ስል ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ብቅ አሉ። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ።

«በስልክ ‹ይሂዱ፣ ይሂዱ› የምትያቸው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ እናቴ። ደኅና ናቸው?»

«ልትገድያቸው ነበር!»

መሪጌታ ጋቢያቸውን ተከናንበው መደብ ላይ ተጋድመዋል። ሲያዩኝ ቀና አሉ።

«በድምፅ ብቻ የማውቅሽ ልጄ!»

ያን ድምፅ ስሰማ መደቡ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሪጌታ ምሳ በልተው ወዲያው ለቅሶ ለመድረስ ዳገቱን በሩጫ ሲወጡ ትንፋሽ አጠራቸውና መንገድ ላይ ተቀመጡ። ሰዎች ደግፈው ወደ ቤት አመጧቸው።

«የሞቱ መስሎኝ ጮህኩ» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስልኩን ዘግተው ሣጥን ውስጥ ከተቱት፤ ባላቸውንም ከመደብ አትነሱ አሏቸው።

የደም ግፊታቸውን ለካሁ፤ የልብ ምታቸውን አዳመጥኩ፤ እግራቸውን አየሁ። ሁሉም ደኅና ነው፤ መድኃኒታቸውንም አላቋረጡም። ወደሚያክማቸው ሐኪም ደወልኩ፤ ቀስ ብለው እንዲጀምሩ ፈቀደ።

«እናቴ፣ አብረውን ይምጡ» አልኩ። «መሪጌታ እየሄዱ ዳዊት ይድገሙ። ቃሉ ከተቆራረጠባቸው ትንፋሽ አጥሯቸዋል ማለት ነው፤ እናቆማለን።»

በሜዳው መንገድ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር አዘገምን። ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሚያዩት የባላቸውን አፍ እንጂ እግራቸውን አልነበረም። አጥሩ ጋ ስንደርስ መሪጌታ የጀመሩትን መዝሙር አንድም ቃል ሳይቆራረጥባቸው ጨረሱ። ሚስታቸው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው አለቀሱ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁ።

«ዳገትስ?» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

«ለጊዜው ዳገት የለም። ከምሳ በኋላም ማረፍ ነው፤ ለቅሶም ቢሆን ቀስ ብሎ።»

«እውነትሽን ነው» አሉ መሪጌታ፣ «ሟቹ እንደሁ አልቸኮለም ነበር።»

መልስ

ማታ ደብረ ታቦር ስገባ እግሬ ዝሏል፤ ልቤን ግን ቀለል ብሎታል። በእነዚያ ስልኮች ሁሉ የምጠይቀው ስለ አንድ ሰው ደረት ነበር። አጠገባቸው ሆና ትንፋሻቸውን የምታዳምጥ ሴት መኖሯን፣ እሷም መፍራቷን የተረዳሁት እቤታቸው ሄጄ ነው። ከዚያ ወዲህ የየትኛውም በሽተኛዬ ቤት ስደውል አጠገባቸው ያለውን ሰውም አነጋግራለሁ።

የመሪጌታን ስልክ አሁን የሚያነሡት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ናቸው።

«ዛሬ ዝናብ ነው» አሉኝ ባለፈው። «እቤት ውስጥ ብድግ ቁጭ እያሉ ነው። ቆይ ልጄ፣ እየቆጠርኩላቸው ነው፤ እንዳታሳስቺኝ።»