ከጆሃንስበርግ የመጣው ሳጥን

አባቴ ይኸነው በዳንግላ ከተማ ጋሪ መንዳት ከጀመረ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል። ርቀትን የሚያውቀው በፈረሱ ነው። እንጅባራ ማለት ለእርሱ ጋሪው ተጭኖ አንድ ሙሉ ቀን፣ ፈረሱም ሁለት ጊዜ ውኃ የሚጠጣበት መንገድ ነው። ኪሎ ሜትር ሲሉት "የሹፌር ወሬ" ይላል።

ጆሃንስበርግንም የለካው እንዲሁ ነበር። ወንድሜ ዓለምነው በሞያሌ ወጥቶ እዚያ እስኪገባ አምስት ወር ፈጀበት። ኬንያ ላይ ደላሎች በኤሌክትሪክ ሽቦ ገረፉት። ከታንዛኒያ ወዲያ ሠላሳ ስምንት ሆነው በተዘጋ የጭነት መኪና ሲሄዱ አሥራ አንዱ ታፍነው ሞቱ፤ ሬሳቸውን እየጎተቱ ጫካ ውስጥ ከጣሉት አንዱ እርሱ ነበር። ይህን በስልክ ሲነግረን አባቴ "አምስት ወር። ፈረስም አይችለው" አለ።

በዘጠነኛው ዓመት ዳቦና ሲጋራ በሚሸጥባት የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ሦስት ጊዜ በጥይት መቱት። አንዷ አንገቱን በስታ ወጣች። ከዚያ ሱቋን አቃጠሏት። ጓደኛው አሳምነው ሬሳውን በእግሩ ይዞ ከእሳቱ ጎትቶ አወጣው።

የደወለልንም አሳምነው ነው።

"ጋሼ ይኸነው፣ አስከሬኑ ነገ ይሳፈራል። አዲስ አበባ ለመድረስ የሚፈጅበት አምስት ሰዓት ተኩል ነው።"

"ምን ያህል?"

"አምስት ሰዓት ተኩል። አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው።"

"ሐዘንተኛ ላይ አትቀልድ፣ ልጄ" ብሎ ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ።

ከዚያ በኋላ አላለቀሰም። በሦስተኛው ቀን ሳጥኑ በባሕር ዳር በኩል መጥቶ ድንኳኑ ውስጥ ሲወርድ ሁሉም ተንጫጫ፤ እርሱ ቆሞ ያያል።

"ይህ የኔ ልጅ አይደለም" አለ። "እርሱ አምስት ወር የሄደውን ይህ እንዴት በግማሽ ቀን ይመጣል? የሌላ ሰው ልጅ ነው የላኩልኝ።"

"አውሮፕላን እኮ ነው፣ አያ ይኸነው" አለ የጋሪ ባልደረባው መሳፍንት። "ላንተ ከፈረስ ወዲያ የሚሮጥ የለም።"

"ያንተማ ፈረስም አይሮጥ።"

የንስሐ አባቱ አባ ገብረ ማርያም ክንዱን ያዙት። "እንዳይከፈት ታሽጓል፣ ይኸነው። ሰንብቷልም።"

"ይፍቱኝ አባ። የማላውቀውን ሰው ካባቴ አጠገብ አላስቀብርም።"

የጋሪውን ጎማ የሚፈታበትን ብረት አምጥቶ ክዳኑ ሥር ሰነቀረው። መሳፍንት ከኋላ ሲያቅፈው በክርኑ አፉን መታው፤ ደም በደም አደረገው። እንጨቱ ተሰነጠቀ። ከሥሩ የነበረውን ቆርቆሮ በእጁ ገልብጦ ሲቀድ መዳፉ ተተለተለ። ሽታው ሰዉን ከድንኳኑ አስወጣው።

ፊቱን አላየም፤ የሚታይ አልነበረም። የግራ ክንዱን አነሣና ጨርቁን ገለጠ። ዓለምነውን በአሥራ ሁለት ዓመቱ የጋሪው ፈረስ ነክሶት ነበር። ያን ቀን አባቴ ፈረሱን እስኪወድቅ ቀጥቅጦታል። ጥርሱ የገባበት ጠባሳ ከክርኑ በታች አለ።

"እርሱ ነው" አለ።

ቀጥሎ "በግማሽ ቀን የሚደረስበት አገር ውስጥ ነበርህ?" አለ። "ዘጠኝ ዓመት ሙሉ?"

"የመኖሪያ ወረቀት አልነበረውም እኮ፣ አያ" አለ መሳፍንት አፉን እየጠረገ።

አባቴ ብረቱን አንሥቶ የተቀደደውን ቆርቆሮ ይቀጠቅጠው ጀመር። እስኪደክመው ድረስ ማንም አልያዘውም።

ከዚያ አስከሬኑን ያመጣውን መኪና መልሶ ሳጥኑን በጋሪው አስጫነ። አልተሳፈረም፤ ልጓሙን ይዞ ከፊት ሄደ። ቁልቁለቱ ላይ ፈረሱ እንደ ልማዱ ሊፈጥን ሲል ጎተተው፤ አፉ እስኪደማ ጎተተው። ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሃያ ደቂቃ ነው። ያን ቀን ሁለት ሰዓት ፈጀብን።