ጴጥሮስ አማርኛውን ሲረሳ

ተሾመች ቁጡ ነበረች። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ሰፈራቸውን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ እሷም አትክድም። ከቦንጋ በኩል የመጣች የከፋ ልጅ ናት፤ ባሏ ጴጥሮስ ደግሞ የሸኮ ሰው። አንዱ የሌላውን ቋንቋ ስለማያውቅ ከተጫጩበት ጊዜ ጀምሮ በአማርኛ ነበር የሚግባቡት። በአማርኛ ተዋደዱ፣ ልጆቻቸውን አሮንንና ፀደንያን በአማርኛ አሳደጉ፣ ጠዋትና ማታ በአማርኛ ጸለዩ። በአማርኛ ተጣሉም እንዳይባል፣ የምትጣላው እሷ ብቻ ነበረች።

አንድ ክረምት የጎረቤት ከብቶች ገብተው ለተከላ ያደረሰችውን የቡና ችግኝ ረጋገጡት። ተሾመች ዱላ አንስታ ወጣች። ጴጥሮስ አልከለከላትም። «ትሄጃለሽ፤ ግን መጀመሪያ የተረፈውን እናንሳ፣ ፀሐይ ሳይመታው» አላት። ጎንበስ ብለው ሥር ሥሩን አፈር እያለበሱ ቆዩ። ሲጨርሱ ዱላውን የት እንደጣለችው እንኳ ጠፋት። እንዲህ ነበር የሚያሸንፋት። «ቁጣ እንግዳ ነው። ወንበር ካልሰጡት ቆሞ ቆሞ ይሄዳል» ይላት ነበር። በጸሎት ቤታቸው ሽማግሌ ሆኖ ሲያገለግልም ሰው የሚወደው በስብከቱ አልነበረም፤ ተናግሮ ሳይሆን ሰምቶ በሚያስታርቅበት ልማዱ ነበር። ተሾመች ለሴቶቹ ኅብረት «እሱ አጠገቤ እያለ ክርስቲያን መሆን ምን ይከብዳል!» እያለች ትስቅ ነበር።

መጀመሪያ የረሳው ጸሎት ነው። አንድ እሑድ ጉባኤው ፊት ቆሞ ሲጸልይ መሐል ላይ ዝም አለ። ሰዉ መንፈስ ነክቶት መስሎት «አሜን!» አለ። ጴጥሮስ ግን ዞሮ ተሾመችን ፈለጋት፤ ዓይኑ ገበያ መሐል የጠፋ ልጅ ዓይን ነበር። ከዚያ ወዲያ የሰው ማሳ ገብቶ ቀዩንም አረንጓዴውንም ቡና ሲሸመጥጥ ተገኘ። ከቤቱ ደጅ ቆሞ «ቤቴ የት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ሐኪሙ ረጋ ብሎ ነገራት። «እናቴ፣ የመርሳት በሽታ ነው። እየባሰበት ይሄዳል እንጂ አይድንም። ከእንግዲህ ከእርስዎ የሚፈለገው ትዕግሥት ነው።»

ከሆስፒታሉ ስትወጣ እያለቀሰች ሳቀች። በዚያ ቤት ትዕግሥት የነበረው እኮ እሱ ነበር።

ጉባኤው ጾመላት፣ እጅ ጫነበት። ለውጥ ሲጠፋ ሰው እየቀነሰ መጣ። አዲሱ ወንጌላዊ ተረፈ፣ ገና ወጣት ነው፣ አንድ ቀን ወንበሩን ጠጋ አድርጎ «እህት ተሾመች፣ በቤታችሁ ንስሐ ያልተገባበት ነገር ይኖር ይሆን?» አላት። የድሮዋ ተሾመች ብትሆን ከነወንበሩ ታስወጣው ነበር። ያን ቀን ግን ለቁጣም አቅም አጣች። «ካለም እኔ ነኝ እንጂ እሱ አይደለም፤ ለምን እኔን አልያዘኝም ታዲያ?» ብላ ያቀረበችለትን ሳህን አነሳች።

ቀጥሎ አማርኛው ሄደ። እንደ ጎርፍ አንዴ አልሄደም፤ ዛሬ «ውኃ» ጠፋ፣ ነገ «በር» ጠፋ፣ በመጨረሻም ስሟ ጠፋ። በፋንታው የልጅነቱ የሸኮ ቋንቋ ተመለሰለት፤ ያውም ጥርት ብሎ። ሲርበው ይናገራል፣ ሲያመውም ይናገራል። እሷ አትሰማም። የሆዱን በሽታ ከረኃቡ ለመለየት ፊት ፊቱን ታያለች። በሰፈሩ ቋንቋውን የሚሰማ ሰው አልነበረም፤ ልጆቹም ቢሆኑ ከሰላምታ አያልፉም።

አንድ ነገር ግን አጽናናት። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ጴጥሮስ ይነሳል፣ ፊቱን ወደ በሩ ያዞራል፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ እየለመነ ረዥም ነገር ይናገራል። አንዳንዴ እንባው ይወርዳል። ተሾመች ከጎኑ ቆማ «አሜን፣ አሜን» ትለዋለች። ለሴቶቹ ኅብረትም መሰከረች፦ «በሽታው አእምሮውን ወሰደበት፤ እምነቱን ግን አልነካበትም።» ሴቶቹ እልል አሉ። ቀኑን ሙሉ የተሸከመችው ድካም በዚያች ሰዓት ይራገፍላት ነበር።

ቡና ለቀማው እንዳለቀ የጴጥሮስ ታናሽ እህት አማረች ከሸኮ ልትጠይቀው መጣች። ወንድምና እህት ቀኑን ሙሉ ሲያወሩ ዋሉ፤ ተሾመች ቅናትም ደስታም ተቀላቀለባት። አመሻሹ ላይ እንደ ልማዱ ተነሳ፣ እጁን ዘረጋ። ተሾመች ጎኑ ቆማ «አሜን» አለች። አማረች ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች።

«ምነው? ምን ብሎ ነው የጸለየው?» አለች ተሾመች።

«ተይው፣ እትዬ።»

«ንገሪኝ እንጂ!»

«ጸሎት አይደለም። አንቺን እኮ ነው የሚለምንሽ። 'ይቺ ሴትዮ፣ እባክሽ ልቀቂኝ፤ እናቴ ትጠብቀኛለች፣ ቤቴ ውሰጂኝ' ነው የሚልሽ።»

 ተሾመች ጓዳ ገብታ የቆጮውን ቢላ አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው፤ ምን ልትሠራ እንደገባች ጠፋት። ስንት ወር ሙሉ ሰውየው ልቀቂኝ ሲላት አሜን ስትለው ኖራለች። ያን ዕለት አልጸለየችም። ምን ትበል? ለማን?

በማግስቱ ጠዋት ገንፎ ስታጎርሰው ጴጥሮስ ሳህኑን ገፍቶ ደረቷ ላይ ደፋው። ትኩስ ነበር። እጇ ከሐሳቧ ቀደመና በጥፊ መታችው። እሱ አልመለሰላትም፤ ሁለት ክንዱን ራሱ ላይ አድርጎ ኩርምት አለ። በኖሩበት ዘመን ሁሉ ክፉ ቃል ከአፉ ያልወጣው ሰው፣ ከሚስቱ እጅ ራሱን ሲከልል አየችው። አማረች ከደጅ ሮጣ ገባች። ተሾመች ገንፎው ልብሷ ላይ እንዳለ መሬት ቁጭ ብላ አለቀሰች።

«ሸኮ እንውሰደው። የጠየቀውን ቦታ ይየው፣ ምናልባት ያርፍ ይሆናል» አለች አማረች።

ሚኒባስ ተሳፍረው ሄዱ። መንገዱን ሁሉ ተሾመች እጁን ይዛ በልቧ ለመነች፦ እንዲድን አይደለም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ቤቱ እንዲገባ። የእናቱ ጎጆ ከፈረሰ ቆይቷል። የቀረው የእንሰቱ ተክልና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ያለው ያረጀ ቡና ነው። ጴጥሮስ ቅጠሉን ዳሰሰ፤ የኮረሪማ ፍሬ ቆርጦ አሸተተ። ፊቱ ሲፈታ ተሾመች ትንፋሿን ያዘች። እሱም ዞር ብሎ ዙሪያውን ቃኘና እጁን ወደ እሷ ዘረጋ። አስተርጓሚ አላስፈለጋትም፤ ቃሉን በድምፁ ለምዳዋለች። ቤቴ ውሰጂኝ ነበር የሚላት።

አማረች ጀርባዋን ሰጥታ አለቀሰች። ተሾመች የሚሄዱበት ሌላ ቦታ እንደሌለ ያን ጊዜ ገባት። ሰውየው የሚለምነውን ቤት ምድር ላይ የሚያውቅ የለም። ጭቃ የገባበትን ጫማውን አወለቀች፣ እግሩን በቅጠል ጠረገችለት፣ መልሳ አጫማችው። ከዚህ በላይ የምታደርግለት አላገኘችም። ከመመለሳቸው በፊት ግን አማረችን «'አለሁ፣ አብሬህ ነኝ' በቋንቋችሁ እንዴት ይባላል?» ብላ ጠየቀቻት። መንገዱን ሁሉ ስታጠናው መጣች። ቤት ገብተው ስትለው ጴጥሮስ አላመናትም፤ አነጋገሯ ጎርበጥ ብሎት ሳይሆን አይቀርም። እሷ ግን ማለቱን አልተወችም።

በሚቀጥለው የሴቶች ኅብረት ስለ ትዕግሥት እንድታስተምር ጠየቋት። ተሾመች ተነሳች።

«ምስክርነት ብዬ የነገርኳችሁ ጸሎት፣ ጸሎት አልነበረም» ብላ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ጥፊውንም አልደበቀችም። «ትዕግሥት የለኝም፤ የነበረው የእሱ ነው። ለፈውሱ ብዙ ጸልያችኋል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ግን እጄ ዳግመኛ እንዳይነሳበት ለምኑልኝ። የዛሬን ብቻ። ነገ ደግሞ ነገ እለምናችኋለሁ።»

እልልታ አልነበረም። አንዷ አሮጊት ጉልበቷን ይዛ ተንበረከከችና ሌሎቹም ተከተሏት። ተሾመች እስኪጨርሱ አልቆየችም፤ ደመናው ከብዷል፣ ፀደንያም አባቷን ብቻዋን ማጠብ አትችልም። ጫማዋን በእጇ ይዛ በጭቃው መንገድ ወደ ቤቷ ተጣደፈች።