ከቆዳው ሥር ያሉት ጣቶች

ፈረስ በመሃል ጣቱ ብቻ እንደሚሄድ ለተማሪዎቼ ያስተማርኩት ማክሰኞ ነው። አባቴ የደወሉልኝ ሐሙስ ነው። በመካከሉ አንድ ረቡዕ ብቻ አለ። ይህችን ረቡዕ እስከ ዛሬ እያነሳሁ እጥላታለሁ፤ ምን እንደማደርጋት ግን አላውቅም።

በዚያን ጊዜ ዳንግላ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ዝግመተ ለውጥ የሚለው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እበሳጫለሁ። ተማሪዎቹ «ከዝንጀሮ መጣን ነው የሚሉን?» ብለው ይጀምሩና ክፍለ ጊዜው በክርክር ያልቃል። ያን ቀን ግን ሰውን ትቼ በፈረስ ገባሁ። በአዊ ምድር ስለ ፈረስ ሲወራ የሚያንቀላፋ የለም።

የመጽሐፉን ሥዕል ሰሌዳው ላይ ገለበጥኩት። መጀመሪያ፣ ከድንጋይ ውስጥ በተገኙ አጥንቶች የታወቀው የጥንቱ ፈረስ፤ ቁመቱ ከበግ የማይበልጥ፣ እያንዳንዱ እግሩ ብዙ ጣት ያለው። ከዚያ ጣቶቹ እያነሱ፣ መሃለኛው እየወፈረ መጣ፤ መጨረሻ ላይ አንድ ጣት ብቻ ቀረ። «ኮቴ የምትሉት ጥፍር ነው» አልኳቸው። ክፍሉ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ፈረስ ሲጋልቡ ያደጉ ልጆች ናቸው፤ ፈረሳቸው በአንድ ጣቱ ቆሞ እንደኖረ የነገራቸው አልነበረም። ከፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አውጥታ «ሌሎቹ ጣቶች ታዲያ የት ሄዱ?» አለችኝ።

«የትም አልሄዱም» አልኳት። «ከትልቁ አጥንት ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች ሆነው ከቆዳው ሥር ተቀምጠዋል። ቤት ስትሄዱ ዳስሳችሁ ድረሱባቸው።»

በራሴ ኮርቼ ወጣሁ። እኔ ራሴ ግን አንድም ቀን ዳስሼ አላውቅም ነበር።

አባቴ ከእንጅባራ ወደ ጥሊሊ በሚወስደው መንገድ፣ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። ከእኛ ጋር በአማርኛም በአገውኛም ይነጋገራሉ፤ ከፈረሳቸው ጋር ግን በአገውኛ ብቻ። ፈረሱ ቀላ ያለ ዳማ ነበር። ያን ዓመት ልባቸው ደክሟል፤ ሐኪም ዳገት እንዳይወጡ ከልክሏቸዋል። እሳቸው የሚያስቡት ግን ስለ ጥር ብቻ ነበር። በጥር ፈረሰኞቹ ተሰብስበው እንጅባራ ይወጣሉ፤ «ይህችን ጥር በዳማዬ ልውጣ፣ ከዚያ ወዲያ የፈለገው ይሁን» ይሉ ነበር። አንዳንዴም ይጨምሩበታል፦ «ሞት የቀደመኝ እንደሆነም ዳማዬ ከፊቴ ይሄዳል።» በእኛ ዘንድ ፈረሰኛ ሲሞት የገዛ ፈረሱ ኮርቻና ጌጡ ተደርጎለት ከሬሳው ፊት ይመራል። አባቴ ከዚህ ሌላ ከእኔ የፈለጉት ነገር አልነበረም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የፈተና ወረቀት ተቆልሎብኝ ሳለ ስልኬ ጮኸ።

«ልጄ፣ ዳማው አነከሰ» አሉ።

«ምን ሆኖ?»

«የፊት ቀኝ እግሩ ነው። ሳምንታት ሆነው፣ ከስቷል። አሁን ብዳስሰው ከትልቁ አጥንት ጎን ሌላ ቀጭን አጥንት በቅሎበታል፤ በዚህም በዚያም። ወጌሻው እግሩ በጋለ ብረት ይተኮስ ይላል። አንቺ የእንስሳ ነገር ተምረሻል ብዬ ነው።»

እጄ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ነበር። ሳልደብቅ ልናገር፤ ተሰላችቼ ነበር። «አባባ፣ እኔ እኮ ሐኪም አይደለሁም። ወጌሻው ካለ ያውቃል።»

«ይተኮስ ትያለሽ?»

«ይተኮስ።»

ኔትወርኩ ተቆራርጦ ነበር ብል ደስ ባለኝ። አልተቆራረጠም። ቃል በቃል ሰምቻቸዋለሁ። ሰሌዳው ላይ የሳልኩት ፈረስና የአባቴ ፈረስ በጭንቅላቴ ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም። አንዱ የፈተና ነበር፣ ሌላው የቤት። ስልኩን ዘግቼ ማረሜን ቀጠልኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ በሚኒባስ ወረድኩ። ዳማው ከቤቱ ጀርባ፣ ቀርከሃው ሥር፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ቀርቤ የታመመ እግሩን አየሁት። ወጌሻው ከጉልበቱ በታች፣ በትልቁ አጥንት ግራና ቀኝ፣ ሁለት ረጃጅም መስመሮች በጋለ ብረት ተኩሶ ወርዷል። በጣም ጠንቃቃ ሰው መሆን አለበት፤ መስመሮቹ በሰሌዳዬ ላይ ጣቶቹን ያሰመርኩባቸው ቦታዎች ላይ አርፈዋል። ቁስሉ ይሸታል። ጎንበስ ብዬ ጤነኛውን የግራ እግር ዳሰስኩ። ቀጭኑ አጥንት እዚያም አለ፤ በወዲያ ጎኑም አለ። የኋላዎቹንም ዳሰስኩ። አለ።

አባቴ እዚያው ቆመው ያዩኛል። «እንደሱ ነው የበቀለበት» አሉኝ።

ከእንጅባራ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ለምኜ አመጣሁ። ወጣት ነው፣ እጁ ግን አዋቂ ነው። እግሩን ከማየቱ በፊት ኮቴውን አንስቶ ገለበጠው። ከውስጥ በኩል ቀዳዳ ነበር። ሲከፍተው መግል ወጣ፤ ከመግሉ ጋር አንድ ጣት የምታህል የቀርከሃ ስንጣሪ። ዳማው ከዚያው ከጓሮው፣ የተቆረጠ የቀርከሃ ጉቶ ረግጦ ነበር። አባቴ ሙቅ ውሃ ሊያመጡ ሲገቡ ወጣቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ። «ይህን ለምን ተኮሱት? ይህ እኮ የማንኛውም ፈረስ አጥንት ነው።»

«አውቃለሁ» አልኩት። «ለሽማግሌው አትንገርብኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ አልነገረብኝም። መድኃኒቱን ወግቶ፣ የተተኮሰው ቁስል ወደ መጋጠሚያው ገብቷል፣ ተስፋ አታድርጉ ብሎን ሄደ። ዳማው በታኅሣሥ ተኛ፤ ከተኛበት አልተነሳም። አባቴ ሦስት ቀን አጠገቡ ተቀምጠው በአገውኛ ሲያወሩት ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ሲሞት ነጠላቸውን አራግፈው ተነሱና «የሚቻለንን አድርገናል» አሉ። «አንቺንም ጠይቄሽ ነበር።»

ይህን ያሉት ሊያጽናኑኝ ነው። ያን ዕለት ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር። መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። ልባቸው የደከመ ሰው ናቸው፣ አይችሉትም እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። የማልችለው እኔ ነበርኩ።

ጥር መጣ። ጎረቤት አዘነላቸውና ነጩን አምባላይ ፈረሱን አዋሳቸው። እንጅባራ፣ ሜዳው ዳር ፈረሶቹ ተደርድረው ታስረዋል። አባቴ ያን ዕለት ከስተው ልብሳቸው ሰፍቷቸው ነበር፤ ቢሆንም ፊታቸው ፈክቷል። ሊቀመጡበት ሲሉ፣ እንደ ልማዳቸው፣ የፈረሱን የፊት እግር ከላይ ወደ ታች በመዳፋቸው ዳበሱ። ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ሲያደርጉ አይቻለሁ፤ የሚፈልጉት ሙቀትና እብጠት ነው፣ በጤነኛ እግር ላይ አጥንት የሚፈልግ የለም። ከዳማው ወዲህ ግን ጣታቸው ሌላ ነገር ለምዷል። እጃቸው መሃል ላይ ቆመ።

ወደ ሌላኛው እግር ዞሩ። ከዚያ አጠገቡ ወደታሰረው ፈረስ ሄዱ፤ ጎንበስ ብለው ዳሰሱ። ወደሚቀጥለው ሄዱ። ባለቤቶቹ የሚመርቁ መስሏቸው አልከለከሏቸውም። እኔ የት እንደሚደርሱ አውቃለሁ፤ ሮጬ እጃቸውን ልይዝ ፈለግሁ፣ አልያዝኩም። ሰባት ስምንት ፈረስ ዳስሰው ሲመለሱ ትንፋሻቸው ተቆራርጧል። አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ሁሉም አላቸው» አሉ።

ዓይኔን ከዓይናቸው አነሳሁ።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ አባባ።»

«ስደውልልሽ?»

«ከዚያ በፊት። በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ለተማሪዎቼ አስተምሬው ነበር።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ሜዳው ዞሩ። ከዚያ «ልጆቹ ገባቸው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ገባቸው» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ተነስተው ኮርቻውን በገዛ እጃቸው አወረዱና ፈረሱን ለባለቤቱ መለሱለት። ያን ቀን አልጋለቡም። በሚኒባስ ስንመለስ ስለ ድንች ዋጋ አወሩኝ።

አባቴ ዐቢይ ጾም ሳይፈታ አረፉ። ከሬሳቸው ፊት የተመራው ያው የጎረቤት አምባላይ ነው። ከጫግኒ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ ፈረሰኛ ሰልፉን አይተው «የገዛ ዳማውስ?» ብለው ጠየቁ። «እግሩ ላይ አጥንት በቅሎበት ሞተ» አሏቸው ቀባሪዎቹ። አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አላረምኳቸውም።