በሬ የሚበላ መጋዘን

ጣልያን ቡሬ ላይ ምሽጉን አጠናክሮ በተቀመጠበት ዘመን፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ከእህቴ ሁለት በሬዎች አንዱ በአባ ሰንጋ ሞተ። ባሏ ጫካ ከገባ ከርሟል። በማንኩሳና በቡሬ መካከል ባለችው መንደራችን ጥንድ በሬ ያጣ ቤት መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ ከአውድማው የሚደርሰው ግማሹ ብቻ ነው። ልጆች ላሉበት ቤት ግማሽ ምርት ክረምቱን አያሻግርም።

እህቴ ግን በጉድጓድ የተቀበረ ነጭ ጤፍ ነበራት። ከፊሉ ለዘር የተቀመጠ ነው፤ ቀሪው በበሬ ሊለወጥ ይችላል። እኔ ገና ያላገባሁ ጎልማሳ ስለነበርኩ ማረሱ የኔ ድርሻ ነበር። በደህናው ጊዜ ቢሆን ጤፉን በአህያ ጭነን ማንኩሳ ገበያ እንወጣለን፣ በሬ መርጠን እንመለሳለን፣ በቃ። ያን ዓመት ግን ገበያ የሚባል ነገር አልነበረም።

አዋጁ የተለፈፈው በዚያው ሰሞን ነው። እህል የሚሸጠው ቡሬ፣ ምሽጉ ሥር ላለው መጋዘን ብቻ ሆነ። ዋጋውን የሚቆርጠው መጋዘኑ ነው፤ የሚከፍለውም በጣልያን የወረቀት ገንዘብ ነው። ጨውና ላምባ የሚያገኘው እህል ያስገባ ብቻ ነው። ማንኩሳን ጨምሮ የየአካባቢው ገበያ ተዘጋ። ጣልያኖቹ ሃይማኖት አክባሪ መስለው መታየት ስለፈለጉ ግን የታቦት በዓልና ዝክር እንደ ቀድሞው ይቀጥላል አሉ።

እህቴ በሰው ወሬ የምታምን አልነበረችም። "ሄጄ በዓይኔ ልየው" ብላ ወደ ቡሬ ወረደች፤ እኔም ተከተልኳት። መጋዘኑ ግቢ ውስጥ በሬዎች ታስረው አየን። ሚዛኑ አጠገብ ካኪ የለበሰ አስተርጓሚ ተቀምጧል፤ የሌላ አገር ሰው ነበር።

"ጌታው፣ ጤፍ ባመጣ በሬ ትለውጡኛላችሁ?" አለችው።

"በሬ እንገዛለን እንጂ አንሸጥም።"

"ምን ልታርሱባቸው?"

"ለወታደሩ ሥጋ ናቸው።"

"እነዚህ እኮ የቀንበር በሬዎች ናቸው። ጫንቃቸውን ይዩት እስቲ።"

"ድስት ውስጥ ከገባ በኋላ ጫንቃ አይለይም።"

"እሽ። የምትፈልጉትን እህል ታዲያ በምን እናርስላችሁ?"

አስተርጓሚው ወደ ምሽጉ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እሱን ሹሙን ጠይቂ።"

"ሹሙ ቢያውቀውማ እነዚህ እዚህ ባልታሰሩ" አለችና ወጣን።

ከዚያ ወዲያ በጋዜጠኝነት ሥራዬ ምክንያት ስለ እህል ዋጋ፣ ስለ ነዳጅና ስለ ውጭ ንግድ ብዙ መግለጫ ሰምቼ ጽፌያለሁ። ዋጋ ቆራጩ ከአራሹ በራቀ ቁጥር መግለጫው ያምራል። እኔ መጀመሪያ ማወቅ የምፈልገው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ ይህ ዕቅድ የሚሠራበትን በሬ ራሱ በልቶት እንደሆነ።

እውነቱን ለመናገር፣ ያመጡት ሁሉ ክፉ አልነበረም። መንገዱ ጥሩ መንገድ ነበር። ቡሬ የተከሉት የሞተር ወፍጮም ጥሩ ነበር፤ መጅ ስትገፋ ያደገች ሴት አይታው አትጠላውም። ግን መንገዱ ሞልቶ የሚሄደው ወደ ምሽጉ ነው፣ ባዶውን የሚመለሰው ወደ እኛ። ወፍጮው ደግሞ በናፍጣ ስለሚሠራ ናፍጣ የጫነው መኪና ከዘገየ ይቆማል። ከመንደራችን ሥር ዓመቱን ሙሉ የማይነጥፍ ወንዝ ይወርዳል። በውኃ የሚዞር ወፍጮ ይተከልበት ያለ ሹም አልነበረም። ውኃው ከባሕር ማዶ ስላልመጣ አይቆጠርም መሰለኝ።

ለግንቦት ልደታ የደብሩ ሰው ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ጠላ ሲጠጣ፣ እህቴ የደብሩን አለቃ ተጠግታ ተቀመጠች። አባ ሽማግሌ ናቸው፤ ንግግራቸው ጥቂት፣ ቀልዳቸው ብዙ ነው።

"አባ፣ ለማርያም ዝክር ከአገው ምድር የሚመጣ ሰው አለ። በሬ አለው፣ ጤፍ ቸግሮታል። ጤፌን አውጥቼ ብለውጠውስ?"

"በበዓል መሸጥ መለወጥ ነውር መሆኑን አንቺ አጥተሽው ነው?"

"አላጣሁትም። እኔ ዛሬ የጎረቤቴን ማሳ ባርምላት፣ እሷ ነገ የኔን ብታርምልኝ፣ ሸጠችልኝ ይባላል?"

"አይባልም። እሱ ወንፈል ነው።"

"እንግዲያ እሱ በሬውን ቢሰጠኝ፣ እኔም ጤፉን ብሰጠው ምን ይባላል?"

አባ ዝም አሉ። አጠገባቸው የተቀመጠው የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ "ዝም ካሉማ ፈቅደዋል" አለ።

"ዝም ያልኩት ጠላው ስለጣፈጠኝ ነው። አንተ ደግሞ አትቸኩል።" ዋንጫቸውን አስቀመጡ። "ከቅጥሩ ውጭ ይሁን። ገንዘብ የሚያወጣ ሰው እንዳላይ። ክርክርም እንዳልሰማ፤ ክርክር ካለበት ገበያ ነው።"

ሁለቱ ትእዛዞች ቀላል ነበሩ። ሦስተኛው ግን ለጎጃም ሰው ከጾም ይከብዳል።

ወሬው በየደብሩ ዞረ። በግንቦት ማርያም ከቅጥሩ ውጭ ያለው መስክ በሰው ተሞላ። ነጋዴዎች አሞሌ ጨው በስልቻ አምጥተዋል፤ ሴቶች ኑግ፣ ተልባና በርበሬ ይዘዋል። ይህ ሁሉ ሕዝብ ተሰብስቦ ከሹክሹክታ በላይ አይሰማም። የአገው ምድሩ ሰው ቀይ በሬውን ይዞ ዋርካ ሥር ቆሟል።

"በሬው እንዴት ያለ ነው፣ አያ?" አለችው እህቴ።

"እንደምታዪው።"

"ጤፉም እንደሚያዩት።"

"ነጭ ነው።"

"የእርስዎም ቀይ ነው።"

ሁለቱም ተያዩ። ዘበኛው መጥቶ "ክርክር የለም ተብሏል" አላቸው።

"ማን ተከራከረ?" አለ ሰውዬው። "እየተያየን ነው።"

ከጤፉ ዘግኖ በመዳፉ አሸው፤ ወደ አፉ ወርወር አድርጎ አላመጠ። ከዚያ የበሬውን ገመድ ለእህቴ ሰጣት። ስልቾቹን አህያው ላይ ጭነን ሳንጨርስ አስተርጓሚው ሁለት አስካሪዎች፣ የጣልያን ቅጥር ወታደሮች፣ አስከትሎ ከመንገዱ ብቅ አለ። እህቴ ገመዱን በእጇ ላይ ጠመጠመች። በሬው ከተወሰደ ጤፉም የለ፣ በሬውም የለ።

"ይህ ገበያ ነው" አለ አስተርጓሚው።

አባ ጃንጥላቸው እንደተዘረጋ ቀረቡ። "ገበያ ቢሆን ጫጫታ ትሰማ ነበር፣ ልጄ። ትሰማለህ?"

አዳመጠ። በግ እንኳ አልጮኸም።

"ጨዉ ምን ያደርጋል?"

"ለዝክሩ ወጥ።"

"ይህ ሁሉ?"

"ሕዝቡን አላየኸውም?"

"በሬውስ?"

"ሊሳለም መጥቶ ነው።"

"በሬ ይሳለማል?"

"ወንድሞቹ ወደ እናንተ ግቢ ገብተው አልተመለሱም። እሱ ቢሳለም ምን ያስገርማል?"

አንዱ አስካሪ ያገራችንን ቋንቋ ይሰማ ኖሮ ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። አስተርጓሚው ግን ሥራውን ሠራ። የጥቂት ሰዎችን ኪስና ቀበቶ አስፈተሸ። አንድም ገንዘብ አልተገኘም። አዋጁ ዝክርን የፈቀደ ነው፤ በገንዘብ የተሸጠ ነገር ደግሞ አላገኘም። አባ የዝክር ዳቦ አስቆርሰው ሰጡት፤ በልቶ፣ ጠላውንም ቀምሶ ሄደ። እህቴ ገመዱን ከእጇ ስትፈታ ሰንበር አውጥቶባት ነበር።

በበዓል በሬ ስለማይጠመድ ሳንሞክረው ወሰድነው። በማግስቱ ሁለቱን ቀንበር ሥር ሳገባቸው አዲሱ በሬ እየገፋ ወደ ግራ ዞረ። አቀያየርኳቸው፤ ያኔ የእኛው እምቢ አለ። ቀንበር የለመደ በሬ ወገን አለው፤ በቀኝ የተገራ ግራ አይሄድም፣ በግራ የተገራም ቀኝ አይሄድም። የእህቴ የሞተው ቀኙ ነበር። አሁን ሁለት ግራ በሬ ይዘናል። መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ይህ ነው፤ ክርክር እንዳይመስልብን ፈርተን ሳንጠይቅ ቀረን።

እህቴ ድንበሩ ላይ ተቀመጠች። ጤፉ ወደ አገው ምድር ሄዷል። ማሳው ገና አልተገለበጠም፣ ደመናውም እየጠቆረ ነው።

"አንዱን ለቀኝ ብንገራውስ?" አለችኝ።

"ይገራል። ግን ዝናቡ ይቀድመናል።"

ለአባ ልትነግር ስትሄድ ዘበኛው ሳቀባት። "አንቺ ብቻ አይደለሽም፣ እታለም። ከማርያም ወዲህ ሁለት ቀኝ ይዞ የሚያለቅስ ሰው ከግሽ ዓባይ በኩል መጥቶ ነበር።" አባም አልቆዩም፤ ቅዳሴ ሲወጣ በደጀ ሰላሙ ቆመው "መጠየቅ ክርክር አይደለም" ብለው ተናገሩ። ያቺ ቃል ከደብር ደብር ስትዞር ከአዋጁ ፈጠነች።

ወር ሳይገባ የመድኃኔዓለም ዕለት የግሽ ዓባዩ ሰው ሁለቱን ቀኞች እየነዳ መጣ፤ እኛም አዲሱን በሬ ይዘን ወጣን።

"ግራ ነው?" አለ ገና ሳይደርስ።

"ግራ ነው። የእርስዎስ?"

"ቀኝ ነው። እናቱን ጭምር ልንገርሽ?"

"እናቱን አላርስባትም" አለችው። አባ ሳይቀሩ ሳቁ። ገመድ በገመድ ተለዋወጡ፤ በማግስቱ እርፍ ጨበጥኩ፤ ጥንዱ ፈሩን ይዞ ሄደ።

ገበያው ከዚያ ወዲያ ከታቦት ጋር ይዞር ጀመር። ሚካኤል ሲሆን አንዱ ደብር፣ ጊዮርጊስ ሲሆን ሌላው ነው። ገበያው የትና መቼ እንደሚውል የሚያውቀው የወሩን በዓላት በቃሉ የያዘ ሁሉ ነው፤ ምሽጉ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። ቡሬ የሄዱ ሰዎች ሲመለሱ መጋዘኑ ባዶ መሆኑን፣ ወፍጮው የሚፈጨው አጥቶ መቆሙን፣ መኪናዎቹም ለወታደሩ ቀለብ ከሩቅ ማመላለስ መጀመራቸውን ነገሩን። መንገዱ በመጨረሻ ከሩቅ ወደ እኛ አገርም ሞልቶ መጣ። ክረምቱ ሳይጠና ማንኩሳ ገበያ እንዲከፈት ታወጀ። ለፋፊው "ሹሙ በቸርነቱ ፈቅዷል" አለ። ሰው ሰምቶ ወደ ማሳው ሄደ፤ ጊዜው የእርሻ ነበር።

በሐምሌ ጎረቤቶች ከብቶቻቸውን አምጥተው የእህቴን ማሳ አስረገጡልን። ጤፍ በላላ አፈር ላይ አይዘራም፤ መሬቱ በኮቴ ተረግጦ መጠቅጠቅ አለበት። በሬው፣ ላሙ፣ አህያው ሳይቀር በጭቃው ዞረ። ልጆቿ ከኋላ እየነዱ ይጮኻሉ፤ እህቴም እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና "በዚህ በኩል፣ በዚህ በኩል" ትላለች። እኔ ዘሩን በተንኩ።

ጤፉ ደረሰ፤ አጨድን፣ ከመርን፣ አበራየን። ነፋስ ሲነሳ ገለባው ተለየና ምርቱ አውድማው መካከል ተቆለለ። እኩል አራሽ ያለበት አውድማ ሲሰፈር ቁናው ወዲያና ወዲህ ይላል፤ አንዱ ለባለ መሬት፣ አንዱ ለአራሽ። እህቴ ቁናዋን አንስታ መስፈር ስትጀምር ሁሉም ወደ አንድ ወገን ሄደ።