በስልክ የለጠፍኩት መርዶ

የካርቱም እድራችን ሰብሳቢ ሆኜ በተመረጥኩ በወሩ ለፋፊያችንን አሰናበትኩ። ሽማግሌ ናቸው። ሰው በሞተ ቁጥር ከካርቱም ሁለት እስከ ሐጅ ዩሱፍ ቤት ለቤት እየዞሩ የሚናገሩት እሳቸው ነበሩ። ያን ሰሞን ፖሊስ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ ከመንገድ የሚያፍስበት ከሻ በዝቶ ነበር፤ የእሳቸው የመኖሪያ ፈቃድ ደግሞ ጊዜው አልፏል። ይያዙብናል ብዬ ፈራሁ። ይህን ለብቻቸው ልነግራቸው ሲገባኝ፣ ችኩል ነኝና፣ በስብሰባ መሀል «ከእንግዲህ መልእክት በስልክ ግሩፕ ነው፤ ጋሼ ይረፉ» አልኩ።

«ኸላስ፣ በቃ፣ እሺ ልጄ» ብለው ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ።

በሳምንቱ፣ ጠዋት፣ ከሆስፒታል ተደወለልኝ። አንድ አባላችን ሞቷል። አዲሱ አሠራር እንዴት ፈጣን እንደሆነ ላሳይ ብዬ ሱቄን እንኳ ሳልከፍት ስሙን ከነቀብር ሰዓቱ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩ። እህቱ ትዝ ያለችኝ ከለጠፍኩ በኋላ ነው። ቡሪ ሰፈር ሰው ቤት ምግብ ታበስላለች። ግሩፑ ውስጥ ያስገባኋት ደግሞ እኔው ነኝ።

የወንድም ሞት እንዲህ አይነገርም፤ ደግፎ የሚይዝ ዘመድ ሳይሰበሰብ ማንም መርዶ አይረዳም። እሷ ግን ብቻዋን፣ በሰው ወጥ ቤት፣ ምድጃ ፊት ቆማ ልታነበው ነው። ብደውልላት ያንኑ ስልክ አንሺ ማለት ይሆንብኛል። አንድ ተስፋ ነበረኝ፤ ማዳሟ ስልኳን እስከ ምሳ ሰዓት ትይዝባታለች።

የምትሠራበትን ቤት የሚያውቁት ጋሼ ብቻ ናቸው። እያፈርኩ ደወልኩላቸው። ይሰድቡኛል ስል «ያላ፣ ቶሎ ረክሻ ይዘሽ ነይ። መንገድ ላይ እንዳታለቅሺ» አሉኝ።

ቡሪ መግቢያ ላይ የፖሊስ መኪና ቆሟል። ያስቀረኋቸውን ሰው ከፈራሁላቸው ነገር ፊት ራሴ ይዣቸው መጣሁ። እሳቸው መስኮት ከሌለው ባለሦስት እግር ረክሻ እጃቸውን አውጥተው ፖሊሶቹን ሰላም አሏቸው፤ አለፍን።

በሩን የከፈተችው እህትየዋ ራሷ ነች፤ ምሳ ሰዓት ደርሶ ስልኳ በእጇ ገብቷል።

«ጋሼ፣ በሰላም ነው?»

«ወንድምሽን ትንሽ አሞታል። ነጠላሽን ልበሺ፣ እንሂድ። የእኔ ባትሪ አልቋል፣ እስቲ ስልክሽን።» ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት። መልእክቱን ገና አላየችውም ነበር።

ሐጅ ዩሱፍ ዘመዶቿ ቤት ወሰድናት። እዚያ፣ ሴቶቹ ግራና ቀኝ ከያዟት በኋላ፣ ጋሼ አረዷት።

ያኔውኑ አክስቷ ከራሷ ስልክ ላይ መልእክቱን አነበበች። የእኔ ስም አለበት። «እህት ሳትረዳ ይህን የለጠፍሽው ምን ነክቶሽ ነው?» ብላ ጮኸችብኝ። ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከእድሩ ያባርሩኛል ብዬ ደነገጥኩ።

«እኔ ነኝ ለጥፊ ያልኳት» አሉ ጋሼ። «ሸምግያለሁ፤ እህት እንዳለችው ረሳሁ።»

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ፈራሁና ዘጋሁት። ጋሼ እውነትም ማረፍ እንዳለባቸው እዚያው ሁሉም ተስማማ።